ድባቴው ሳይለቅ ሞትን የሚያርቅ ንግግር

አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ ግዛት፣ ፎርት ካርሰን የሚባል የጦር ሰፈር አለ። ዴቪድ ረድ እና ክሬግ ብራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እዚያ የሠሩት ጥናት በ2015 ታትሞ ወጣ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ወይም ያሰቡ 152 ወታደሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምናቸውን ቀጠሉ፤ ለቀሪዎቹ በዚያ ላይ 12 ቀጠሮ ያህል የሚፈጅ አጭር የንግግር ሕክምና ተጨመረላቸው። ከዚያ ሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። የተለመደውን ብቻ ካገኙት 18ቱ፣ ንግግሩ ከተጨመረላቸው ደግሞ 8ቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ። ሲሰላ አደጋው በ60 ከመቶ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው።

እዚህ ድረስ መልካም ወሬ ነው፤ ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። የሁለቱ ቡድኖች ድባቴ፣ ጭንቀትና የጦርነት ሰቀቀን በመጠይቅ ሲለካ ልዩነት አልታየም። ንግግሩ የተጨመረላቸው ወታደሮች ከሌሎቹ የበለጠ ደስታ አላገኙም። እንደ ጓዶቻቸው ይከፋቸዋል፤ ሲከፋቸው የሚያደርጉት ነገር ግን ተለውጧል።

ስለ ቀድሞ ወታደሮችና ስለ ንግግር ሕክምና የተጻፈውን ላገላበጠ ሰው ይህ ውጤት ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባ ይመስለኛል። ምክንያቱም ሁላችንም፣ ሐኪሙም ጎረቤቱም፣ አንድ ያልተጻፈ እምነት አለን፦ ሰው ራሱን የሚያጠፋው ስለከፋው ነው፤ ስለዚህ ሐዘኑ ከታከመ የሞት ሐሳቡም አብሮ ይሄዳል። ፒም ኩይፐርስ የተባሉት ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ2013 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን እምነት ፈትሸውት ነበር። ለድባቴ የተሰጡ የንግግር ሕክምናዎችን የሚገመግሙ ጥናቶች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነዚያ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ወይም ተስፋ መቁረጥን ለይተው የለኩት ግን 13 ብቻ ሆነው ተገኙ። በራስ ማጥፋት ሐሳብ ላይ የታየው ለውጥም ከኢምንት አልዘለለም። ድባቴን በሚገባ የሚያቃልል ንግግር የሞትን ሐሳብ በራሱ አያርቅም፤ የሞትን ሐሳብ የሚያርቀውም ድባቴውን ላይነካው ይችላል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም።

ችግሩ ምን ያህል እንደሆነ ጥቂት ቁጥር እናንሳ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ራሳቸውን ያጠፉ የቀድሞ ወታደሮች 6,407 ነበሩ፤ ለቀን ሲካፈል 17.6 ይመጣል። ብዙ ሰው በጆሮው ያለው ግን «በቀን 22» የሚለው ነው። እሱ ከ2012 ሪፖርት፣ የከፊል ግዛቶችን መረጃ ብቻ ይዞ ከተሠራ ግምት የመጣ ቁጥር ነው፤ አንዴ መፈክር ከሆነ በኋላ ግን ማን ያውርደው። ከሟቾቹ ከአሥሩ ከሰባት የሚበልጡት የሞቱት በጦር መሣሪያ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናወራው ሕክምና ምንም ያህል ቢሠራ እነሱ ዘንድ አልደረሰም።

ሌላም የተለመደ ግምት አለ፤ ወታደሩን የሚገድለው ውጊያ ነው የሚል። በ2013 የታተመና ከ151 ሺህ በላይ የአሁንና የቀድሞ ወታደሮችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት ራስን ከማጥፋት ጋር ተያይዞ ያገኘው ዘመቻ መውጣትን ወይም ውጊያ ማየትን አልነበረም። የተያያዙት ወንድ መሆን፣ ድባቴ፣ የስሜት መዋዠቅ ሕመምና የመጠጥ ችግር ነበሩ። እንደማንኛውም ሲቪል ማለት ነው። መግደልና ግፍ ማየት ግን ለየት ያለ ጠባሳ እንደሚተው ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ወታደርን በንግግር ማከም አዲስ ነገር አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኤድንብራ ከተማ ክሬግሎክሃርት በተባለው ሆስፒታል፣ ዊሊያም ሪቨርስ የሚባሉ ሐኪም በድንጋጤ የታመሙ መኮንኖችን እያስቀመጡ ያነጋግሩ ነበር። በዚያው ዘመን ሌሎች ሐኪሞች ድምፁ የተዘጋበትን ተራ ወታደር በኤሌክትሪክ እያሠቃዩ ያናግሩት ነበር። ሪቨርስ ግን ወታደሩ ያየውን ለመርሳት መታገሉ ራሱ ሕመሙን እንደሚያጸናው አስተማሩ። ገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን በ1917 ታካሚያቸው ነበር። ሪቨርስን የሚያመሰግኑ ጽሑፎች አንዳንዴ አለፍ የሚሉት ነገር አለ፤ ሕክምናው ሲሳካ መኮንኑ የሚላከው ተመልሶ ወደ ግንባር ነበር። ሳሱንም ተመልሷል። ንግግሩ የወታደሩ ነው ወይስ የጦሩ? ይህ ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሕክምናውን አልተለየውም። ዛሬም ወታደሩ «የማወራው ነገር ፋይሌ ውስጥ ይገባል ወይ?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሰጡት ራሳቸው ወታደሮቹ ናቸው። በ1970 መጨረሻ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ጦርነቱን የሚቃወሙ የቬትናም ተመላሾች በየሳምንቱ ክብ ሠርተው መነጋገር ጀመሩ። ሮበርት ጄይ ሊፍተን እና ካይም ሻታን የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞችን ጋበዙ፤ ግን ሐኪሞቹ ጠረጴዛ ይዘው እንዲመረምሯቸው አልፈቀዱም። እንደማንኛውም ሰው ክቡ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሲጠየቁም ስለራሳቸው መናገር ነበረባቸው። ከዚያ እንቅስቃሴ ሁለት ነገር ወጣ። ፒቲኤስዲ በሚል ምሕጻር የሚጠራው የሰቀቀን ሕመም በ1980 በአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ሲገባ የእነሱ ግፊት አለበት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ኮንግረስ ከሆስፒታል ውጭ፣ በየሰፈሩ የሚከፈቱ የተመላሾች ማዕከላት እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ዛሬ ሦስት መቶ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ሠራተኞች ራሳቸው የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ መዝገባቸውም ከሆስፒታሉ መዝገብ ተለይቶ ይቀመጣል። የማዕከላቱ ትልቁ ፈጠራ ይኸው የመዝገብ ነገር ነው ባይ ነኝ።

የዛሬው የንግግር ሕክምና ሦስተኛው ምንጭ ፊላደልፊያ ነው። አሮን ቤክ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1960ዎቹ ድባቴ የያዘው ሰው ራሱን፣ ዓለምንና የወደፊቱን የሚያይበትን ሐሳብ እየነቀሱ መመርመር ጀመሩ። በኋላም ራሱን የሚያጠፋውን ሰው አስቀድሞ የሚጠቁመው ከሐዘኑ ጥልቀት ይልቅ ተስፋ መቁረጡ መሆኑን ለዓመታት በተከታተሏቸው ታካሚዎች ላይ አሳዩ። የእሳቸው ባልደረባ ግሪጎሪ ብራውን በ2005 ከቤክ ጋር ያሳተሙት ጥናት የዘርፉ መታጠፊያ ነው፦ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ሆስፒታል ከመጡ 120 ሰዎች መካከል 10 ቀጠሮ ያህል ከተነጋገሩት በቀጣዩ አንድ ዓመት ተኩል በድጋሚ የሞከሩት 24 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 42 ከመቶ ሞክረዋል። እነዚህ የከተማ ድሆች እንጂ ወታደሮች አልነበሩም። ፎርት ካርሰን የተሞከረው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ዘዴ ለወታደር ተስተካክሎ ነው።

ለመሆኑ ክፍሉ ውስጥ ምን ይባላል? የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ባለሙያው «ለምን?» ብሎ አይጀምርም፤ ለምን ሲባል ሰው ተከሳሽ ይሆናል። «የዚያን ዕለት ነገር ከመነሻው ንገረኝ» ይለዋል። ወታደሩ ይጀምራል እንበል፤ ጠዋት ከሚስቱ ጋር በስልክ ተጣላ፣ ከሰዓት በኋላ አለቃው ሰው ፊት ተቆጣው፣ ማታ ብቻውን ጠርሙስ ከፈተ። ባለሙያው ረጋ ብሎ ያቋርጠዋል፦ «ስልኩን እንደዘጋህ ምን ብለህ አሰብክ? ሰውነትህስ?» ደረቱ ጠበበ። እጁ ቀዘቀዘ። «ለማንም አልረባም» የሚል ሐሳብ መጣ፤ ጠርሙሱ ሲጋመስ «ባልኖር ይሻላቸዋል» ወደሚል ተሻገረ። ታሪኩ እንዲህ ሲዘረዘር «በድንገት መጣብኝ» ያለው ነገር እርከን እርከን እንዳለው ራሱ ወታደሩ ያየዋል። እርከን ካለው ደግሞ መሐሉ ላይ መውረጃ ሊኖረው ይችላል።

ያ መውረጃ የሚጻፈው በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ነው፤ በራሱ በወታደሩ እጅ ጽሑፍ፣ በራሱ ቃል። መጀመሪያ ነገሩ መጀመሩን የሚያውቅባቸው ምልክቶች። ቀጥሎ ብቻውን ሊያደርጋቸው የሚችላቸው፦ ውሻውን ይዞ መውጣት፣ ገላ መታጠብ፣ አንድ የታወቀ ዘፈን። ቀጥሎ በሕይወት የሚያቆዩት ምክንያቶች። ቀጥሎ የሚደውልላቸው ሰዎች ስምና ስልክ፣ በመጨረሻም የባለሙያውና የአደጋ ጊዜ ቁጥር። አሜሪካ ውስጥ ይህ ቁጥር 988 ሲሆን የቀድሞ ወታደር ከሆነ ደውሎ 1ን ይጫናል። ካርዱ ኪስ ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተጠቀምክበት?» ነው፤ ካልሠራለት ይሰረዝና ሌላ ይጻፋል።

በመካከለኞቹ ቀጠሮዎች ሐሳቦቹ አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ከሁሉ የሚከፋው «ለቤተሰቤ ሸክም ሆኛለሁ» የሚለው ነው። ቶማስ ጆይነር የተባሉት የፍሎሪዳ ተመራማሪ በ2005 እንደጻፉት ሰውን ወደ ሞት የሚገፉት ሁለት ስሜቶች ናቸው፦ ሸክም ነኝ ማለትና የማንም አይደለሁም ማለት። ሦስተኛው ነገር ሞትን አለመፍራት ነው፤ ወታደር ደግሞ ይህን በሥልጠና ያገኘዋል። በሠራዊቱ ሳለ ብርጌድ፣ ጓድ፣ ማዕረግ ነበረው፤ በተሰናበተ ማግስት ለሚስቱ የኤሌክትሪክ ሒሳብ መክፈል የማይችል ሰው ነው። ባለሙያው «እንዲህ አትበል፣ ይወዱሃል» አይለውም። «ልጅህን ጠይቀኸዋል? አባት በሌለበት ቤት አድገህ ታውቃለህ? ሸክም ማለት ምን ያደረገ ሰው ነው?» ይለዋል። ወታደሩ ራሱ ይከራከር፤ ክርክሩን የሚያሸንፈው የሱ አፍ ነው።

በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን ክፉ ቀን ከመነሻው ያስበዋል፤ ከዚያም ካርዱን ሲያወጣ፣ ሲወጣ፣ ሲደውል፣ ጮክ ብሎ እየተናገረ ይሄድበታል። ባለሙያው መንገዱን እየዘጋበት ይፈትነዋል፦ «ደወልክ፣ ስልኩን አላነሳም። አሁንስ?» ይህን ፈተና ሳያልፍ ሕክምናው አያልቅም። ጠመንጃውን በጨለማ ፈትቶ መግጠም የተለማመደ ሰው እጁ ያለ ሐሳብ እንደሚሠራ ሁሉ፣ በዚያች ሰዓትም አእምሮው ሲጨልም እጁ ካርዱን እንዲያገኝ ነው ልምምዱ። ፎርት ካርሰን ላይ ሐዘኑ ሳይቀንስ ሙከራው የቀነሰበት ምሥጢር እዚህ ይመስለኛል።

ካርዱ ብቻውን ምን ያህል ይሠራል? እዚያው ሰፈር 97 ወታደሮች ላይ ተሞከረና በ2017 ውጤቱ ታተመ። የድሮው ልማድ ታካሚውን «ራሴን ላለመጉዳት ቃል እገባለሁ» የሚል ነገር ማስፈረም ነበር። ሐኪሙን ያረጋጋል፤ ታካሚውን ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነግረው ይህን አታድርግ ብቻ ብሎ ይሸኘዋል። በስድስት ወር ውስጥ ቃል ከገቡት 19 ከመቶ፣ ካርድ ከጻፉት 5 ከመቶ ገደማ ሞከሩ። በአንዲት ቀጠሮ የሚያልቅ ነገር ነው።

ባርባራ ስታንሊ እና ግሪጎሪ ብራውን ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ በድንገተኛ ክፍል ሞከሩ። በ9 የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተሠራውና በ2018 የወጣው ጥናት 1,640 ታካሚዎችን አነጻጸረ። በአምስቱ ሆስፒታሎች ታካሚው ከመውጣቱ በፊት የደኅንነት ዕቅዱን ይጽፋል፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መደበኛ ሕክምና እስኪጀምር ድረስ አንድ ሰው በስልክ ይጠይቀዋል። በስድስት ወር ውስጥ ራስን የመጉዳት አድራጎት እዚህ 3 ከመቶ፣ በተቀሩት ሆስፒታሎች ከ5 ከመቶ በላይ ሆነ። ታካሚዎቹ በዕጣ ስላልተከፈሉ ውጤቱን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ቢሆንም ከካርዱ ባልተናነሰ ስልኩ ሳይሠራ አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ለዚህ ጥርጣሬዬ አሮጌ ማስረጃ አለኝ።

ጀሮም ሞቶ የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ወታደር ሆነው ሳለ አገር ቤት ያለች አንዲት ወጣት ትጽፍላቸው ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ያደረጉላቸውን አልረሱም። በኋላ ሐኪም ሆነው፣ በድባቴ ወይም በሞት ሐሳብ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ ሕክምናውን ያልፈለጉ ወይም ያቋረጡ 843 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ በአምስት ዓመት ውስጥ 24 አጫጭር ደብዳቤዎች ተላኩ። ምክር የለባቸውም፣ ቀጠሮ የለባቸውም፤ «እንደምን ሰነበትክ፣ ደህና እንደሆንክ ተስፋ እናደርጋለን» ከሚል ብዙ አያልፉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ከሌላው ቡድን አነሱ። ኬትሪን ኮምቶይስ የሚመሩት ቡድን በ2019 ይህን በስልክ መልእክት አድርጎ በ658 ወታደሮችና የባሕር ኃይል እግረኞች ላይ ሞከረው። ጥናቱ በዋናነት ሊለካው ባሰበው ላይ፣ ማለትም ዓመት ቆይቶ በሚታየው የሞት ሐሳብ ላይ፣ ልዩነት አላገኘም። ሙከራው ግን ከ15 ከመቶ ወደ 9 ከመቶ ወርዶ ታየ። እንደገና ያው ነገር ነው፤ ሐሳቡ እንዳለ ነው፣ እጁ ግን አልተነሳም።

ያልሠራውንም ማንሳት ተገቢ ነው። ማርሻ ላይንሃን የፈጠሩት፣ በሲቪሎች በተለይም በሴቶች ላይ ጥሩ ስም ያለው ረጅም ሕክምና አለ፤ ላይንሃን ራሳቸው በወጣትነታቸው በሞት ሐሳብ ተይዘው ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሰው ናቸው። ኒውዮርክ ብሮንክስ ባለው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል በ91 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከተለመደው ሕክምና የበለጠ ውጤት አላሳየም። የተለመደው ሕክምና እዚያ ጥሩ ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ጆርጂያ ውስጥ ፎርት ስቱዋርት ላይ በ148 ወታደሮች የተሞከረው ሌላ ዘዴ ደግሞ የሞት ሐሳቡን ቶሎ አቃለለ፣ በሙከራው ቁጥር ላይ ግን ልዩነት አላመጣም።

በብዛት የሚሰጡት የሰቀቀን ሕክምናዎች ጉዳይ ሌላ ነው። አንደኛው ታካሚው የደረሰበትን ደጋግሞ እንዲተርክ ያደርጋል፤ ሌላው ከደረሰበት ነገር ያወጣውን ድምዳሜ በጽሑፍ እንዲመረምር። በ17 ማዕከላት 916 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ሁለቱን ያነጻጸረው የ2022 ጥናት ሁለቱም እንደሚረዱ አሳየ። ነገር ግን ከመጀመሪያው 56 ከመቶ፣ ከሁለተኛው 47 ከመቶ ያህሉ ሳይጨርሱ ጥለው ሄዱ። ግማሹ ሰው በር ላይ የሚቀርበት ሕክምና በወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሽ ሕክምና ነው። ሐኪሞች ድሮ የሞት ሐሳብ ያለበትን ሰው ለእነዚህ ሕክምናዎች አይልኩም ነበር፤ ያባብስበታል ብለው። ያ ፍርሃት ከንቱ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰቀቀኑ ሲቀል ሐሳቡም ይቀላል።

አሁን ወደ ግፉ ልመለስ። ቦስተን ውስጥ የቬትናም ተመላሾችን ያክሙ የነበሩት ጆናታን ሼይ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ የወታደሩን ቁስል ከጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ ከሆሜር ጀግና ከአኪለስ ጋር አያይዘው ተነተኑት፦ ከፍርሃት ሌላ፣ ትክክል የሆነውን መጣስና መከዳት የሚያመጣው ቁስል አለ። ብሬት ሊትስ እና ባልደረቦቻቸው በ2009 ይህን የሥነ ምግባር ቁስል ወደ ጥናት አመጡት። የቤክ ዘዴ እዚህ ጋ ይቸግረዋል። «ለማንም አልረባም» የሚለውን ሐሳብ መሞገት ይቻላል። «ልጅ ገደልኩ» የሚለውንስ? እውነት ከሆነ ምኑ ይሞገታል? የሊትስ ቡድን ያመጣው መፍትሔ ወታደሩ በሐሳቡ አንድ የሚያከብረውንና የሚራራለትን ሰው ፊቱ አስቀምጦ ያደረገውን እንዲነግረው፣ ከዚያም የዚያን ሰው መልስ ራሱ እንዲናገር ነው። ለእኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከነፍስ አባት ፊት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ንስሐ ግን ከዚህ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ቀኖና። ተናግሮ ብቻ አይወጣም፤ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ ይክሳል። 

ንግግር የማይደርስበትም አለ። የእስራኤል መከላከያ ሠራዊት በ2006 ወታደሮች በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ሲሄዱ መሣሪያቸውን ሰፈር ትተው እንዲሄዱ አዘዘ። ቀደም ሲል በዓመት 28 ያህል የነበረው ራስን ማጥፋት በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 16.5 ወረደ፤ 40 ከመቶ ማለት ነው። በሌሎቹ የሳምንቱ ቀናት ጭማሪ አልታየም። ቅዳሜ ያልሞተው ወታደር ረቡዕን አልጠበቀም።  በንግግር ሕክምናም ውስጥ አንዱ ቀጠሮ ይህን ያነሳል፦ እስክትሻል መሣሪያህን ማን ይያዝልህ? ለአሜሪካ የገጠር ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። በሬ ሸጦ ጠመንጃ በሚገዛበት የጎጃምና የጎንደር ገጠርም ከዚያ አይቀልም፤ መሣሪያን ከወንድ እጅ መቀበል ማዋረድ ይመስላል። ጥሩ ባለሙያ «ስጠኝ» አይልም፤ «የምታምነው ሰው ማነው?» ይላል።

አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ የአሜሪካ ወታደር የሆነ ሰውም ጥቂት አይደለም፤ ሠራዊቱ ከ2008 በኋላ ቋንቋ የሚችሉ ስደተኞችን ይመለምልበት በነበረው ፕሮግራም አማርኛ አንዱ ተፈላጊ ቋንቋ ነበር። ይህ ሰው ቀጠሮው ላይ በእንግሊዝኛ ደህና ያወራል። የሚያለቅሰው ግን በአማርኛ ነው። አስተርጓሚ ይምጣልህ ቢሉት የአስተርጓሚው አክስት የሱን እናት ታውቅ ይሆናል። የሐበሻ ከተማ ትንሽ ናት፤ ስለዚህ ሆዱን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል።

አገር ቤት ነገሩ በመጠን ይለያል። በ1983 ዓ.ም. የፈረሰው የደርግ ሠራዊት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር፤ ለተሐድሶ የተቋቋመው ኮሚሽን እህልና መቋቋሚያ ሰጥቶ ወደየመንደሩ ሸኘው። ስለ ውስጡ የጠየቀው አልነበረም፤ በዘመኑ ማንም አገር ብዙ አይጠይቅም ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማሰናበት አቅዶ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም. መቐለ ላይ ጀመረ። ተዋጊው መሣሪያውን ያስረክባል፣ አጭር ሥልጠና ይወስዳል፣ ገንዘብ ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ለዚህ ሕዝብ የአእምሮ ሐኪም አይዳረስም። ግን ከላይ ያየናቸው በደንብ የሠሩት ነገሮች፣ ካርዱና የስልክ ጥሪው፣ ሐኪም የግድ አይሉም። በዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር የሰፈር ሴቶችን አሠልጥኖ በስድስት ቀጠሮ ድባቴን እንደሚያቃልል በ573 ታካሚዎች ላይ በ2016 አሳይቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው 14 ከመቶ ሲሆኑ፣ ከሌላው ቡድን 50 ከመቶ ነበሩ። እዚያ የተለካው ድባቴ ነው፤ ታካሚዎቹም ወታደሮች አይደሉም። ኢትዮጵያ ከ2010 ጀምሮ የተቀበለችው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ራስን ስለመጉዳት የሚያስተምር ክፍል አለው። የደኅንነት ዕቅድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማንበብ የማይችለው ተዋጊ በገዛ ድምፁ በስልኩ ሊቀዳው ይችላል።

የሚቀረው ጥያቄ የሚደውለው ሰው የማን ሰው ነው የሚለው ነው። ትናንት እርስ በርስ ሲታኮሱ የነበሩ ሰዎች በአንድ መዝገብ በተጻፉበት አገር፣ ደዋዩ የኮሚሽኑ ወይም የቀበሌው ሰው ከሆነ ተዋጊው «ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ደዋዩ ጤና ጣቢያ ቢቀመጥ፣ ቢቻልም ራሱ ከተሰናበቱት መካከል ቢሆን፣ ደብተሩም ከጤና ጣቢያው ባይወጣ ይሻላል። የቬትናም ተመላሾች ማዕከላት መዝገባቸውን ለብቻ የሚያስቀምጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተመላሾቹ ማዕከላቱን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።